«አራቱም ምርጫ ልክ ይመስለኛል»፦ ገላጭና ንጽጽር በእንግሊዝኛ ፈተና

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ለብሔራዊ ፈተናውም ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ለሚሆነው ለኤስ ኤ ቲም እየተዘጋጀሁ ነው። ግራመር ላይ ቴንስም ሆነ ባለቤትን ከግስ ማስማማት አያስቸግረኝም። ሞዲፋየር (ገላጭ) እና ኮምፓሪሰን (ንጽጽር) ላይ ግን ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ለምሳሌ «ሪተርኒንግ ሆም ፍሮም ስኩል» ይልና ከኮማው በኋላ ባዶ ቦታ ይሰጣል፦ ሀ. ዘ ሬይን ስታርትድ፣ ለ. ማይ ቡክስ ጋት ዌት፣ ሐ. አይ ጋት ዌት፣ መ. ኢት ስታርትድ ቱ ሬይን። እኔ ሀን መረጥኩ፤ መልሱ ሐ ነው። ሌላው ደግሞ «ዘ ፖፑሌሽን ኦፍ ኢትዮጵያ ኢዝ ላርጀር ዛን» ካለ በኋላ፦ ሀ. ኬንያ፣ ለ. ዛት ኦፍ ኬንያ፣ ሐ. ዞዝ ኦፍ ኬንያ፣ መ. ኢን ኬንያ። እዚህም ሀን መረጥኩ፤ መልሱ ለ ነው። ሳነበው አራቱም ልክ ይመስለኛል። በምን ልለየው?

ምላሽ፦ ሁለቱንም ጊዜ ሀን የመረጥሽው በአማርኛ ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ነው። «ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ጀመረ» ብትዪ ማንም አያርምሽም። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ከኬንያ ይበልጣል» ብትዪም ሰሚው ነገሩን በደንብ ይረዳሻል። ጆሮሽ የሚፈርደው በአማርኛ ሕግ ነውና በእነዚህ ሁለት ርዕሶች ላይ «ሲነበብ ደስ አለኝ» ብሎ መምረጥ አያዋጣም። የሚያስፈልግሽ በዓይን የሚታይ መለያ ነው፤ መለያውም አለ። ምሳሌዎቹን እንደ ጥያቄሽ ሁሉ በእኛ ፊደል እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ ስትለማመጂ ግን በእንግሊዝኛው ፊደል ደብተርሽ ላይ ገልብጫቸው።

ከገላጩ እንጀምር። «ስመለስ» የሚለውን ቃል ቀረብ ብለሽ እዪው። ማን ተመለሰ? እኔ። «ስትመለሺ» ሲባል አንቺ፣ «ሲመለስ» ሲባል እሱ፣ «ስንመለስ» ሲባል እኛ። ቦዝ አንቀጹም እንዲሁ ነው፦ ተመልሼ፣ ተመልሰሽ፣ ተመልሶ፣ ተመልሰን። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በጉያው ይዞ ስለሚሄድ ቀጥሎ ዝናብም ይምጣ ፀሐይ የተመለሰው ማን እንደሆነ አይጠፋንም። የእንግሊዝኛው «ሪተርኒንግ» ግን ለእኔም ለአንቺም ለእነሱም ያው አንድ ቃል ነው። በራሱ ባለቤት የለውም። ስለዚህ ባለቤት ይበደራል፤ የሚበደረውም ከኮማው በኋላ ካለው ዋና ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው።

አሁን ምርጫዎችሽን በዚህ ዓይን እያቸው። ሀ ላይ ባለቤቱ «ዘ ሬይን» ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ዝናቡ ሆነ። ለ ላይ ባለቤቱ «ማይ ቡክስ» ነው፤ የተመለሱት መጻሕፍቱ ሆኑ። መ ላይ ያለው «ኢት» የአየር ጠባይን ለመናገር የገባ ባዶ ተውላጠ ስም ነው፤ የትም ሄዶ አይመለስም። ከትምህርት ቤት ሊመለስ የሚችለው «አይ» ብቻ ነው። ተማሪዎች ዳንግሊንግ ሞዲፋየር የሚሉት፣ በእኛ ቋንቋ የተንጠለጠለ ገላጭ ልንለው የምንችለው ስህተት ይኸው ነው፦ የሚያርፍበት ባለቤት ያጣ ሐረግ።

በፈተና ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት በሌለው ሐረግ ከጀመረ እስከ ኮማው ድረስ ብቻ አንብቢና «ማን?» ወይም «ምን?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በአንድ ቃል ያዢ፤ ሰው ነው፣ አገር ነው፣ ሕንጻ ነው። ከዚያ ከአራቱ ምርጫዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ እዪ። ቀሪውን አታንብቢ። ባለቤቱ ከያዝሽው ቃል ጋር የማይገጥመውን ሰርዢ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ይቀራል፤ ሁለት ከቀሩ ያኔ ወደ ግሱና ወደ ትርጉሙ ትሄጂያለሽ። ሙሉውን ወደ አማርኛ ተርጉመሽ «ትርጉም ይሰጣል ወይ» ብለሽ ከመዘንሽ ግን አራቱም ያልፋሉ፤ ምክንያቱም ስትተረጉሚ ሳታውቂው «ስመለስ» ብለሽ የጎደለውን ባለቤት አንቺው ትሞዪለታለሽ። ተርጉሚ ከተባለ የሚተረጎመው ያ «ማን?» የሚለው ብቻ ነው።

ፈታኞች የሚወዱት ወጥመድ አለ፤ በአንድ ጥያቄ ላሳይሽ። «ራኒንግ ቤርፉት ኢን ሮም ኢን 1960» ይላል፤ ከኮማው በኋላ፦ ሀ. ዘ ማራቶን ዎዝ ዎን ባይ አበበ ቢቂላ፣ ለ. አበበ ቢቂላስ ቪክትሪ ሰርፕራይዝድ ዘ ወርልድ፣ ሐ. አበበ ቢቂላ ዎን ዘ ማራቶን፣ መ. ዜር ዎዝ ኤ ቪክትሪ ፎር አበበ ቢቂላ። በባዶ እግሩ የሮጠው ማን ነው? አበበ። ሀ ላይ ባለቤቱ ማራቶኑ ስለሆነ ይወድቃል። መ ላይ «ዜር» ባለቤት አይሆንም። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው ለ ላይ ነው፤ ዓይን «አበበ ቢቂላ» የሚለውን አይቶ ይረጋጋል። ነገር ግን ከስሙ በኋላ የባለቤትነት «ስ» አለች፤ ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አበበ አይደለም፣ ድሉ ነው። ድል በባዶ እግሩ አይሮጥም። ያንቺ «ማይ ቡክስ» እንዲሁ ነበር፦ «ማይ» የሚለው ቃል አንቺን ያስታውሳል እንጂ ባለቤቱ መጽሐፉ ነው። ከኮማው ቀጥሎ ስም ስታዪ መጨረሻው ላይ አፖስትሮፍ እንዳለ ወይም እንደሌለ ተመልከቺ።

ሐረጉ በ«ኢንግ» ብቻ አይጀምርም። «ካርቭድ ፍሮም ሶሊድ ሮክ» ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ መምጣት ያለበት «ዘ ቸርችስ ኦፍ ላሊበላ» ነው፤ «ፒልግሪምስ ቪዚት» ብሎ ከቀጠለ ከአለት የተፈለፈሉት ምዕመናኑ ይሆናሉ። በ«ሃቪንግ» ሲጀምር፣ «አፍተር»፣ «ዋይል»፣ «ዌን» ካሉ በኋላ ባለቤት የሌለው «ኢንግ» ሲመጣ፣ እንዲሁም ሐረጉ በ«ላይክ» ወይም በ«አንላይክ» ሲጀምር ሕጉ ያው ነው። በቅጽል ለሚጀምርም ይሠራል፦ «ታየርድ አንድ ሀንግሪ» ካለ ቀጥሎ የደከመውና የራበው ይምጣ።

ሐረጉ የራሱ ባለቤት ካለው ግን ነጻ ነው። «ዋይል አይ ዎዝ ሪተርኒንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ» ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ «አይ» እዚያው ውስጥ ስላለ መበደር አያስፈልግም። ይህን ማወቅ የሚጠቅምሽ አንዳንድ ጥያቄ ከኮማው በኋላ ያለውን ክፍል አስቀምጦ ፊተኛውን ክፍል እንድትመርጪ ስለሚያደርግ ነው። ያኔ ማረሚያው ባለቤቱን ፊት ላይ መጨመር ይሆናል። «ኮንሲደሪንግ»፣ «አኮርዲንግ ቱ»፣ «ጀነራሊ ስፒኪንግ» የመሳሰሉት ደግሞ በአጠቃቀም ብዛት ነጻ ወጥተዋል፤ እነሱን አይተሽ አትደንግጪ።

ገላጩ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ችግሩ ሌላ ነው። በአማርኛ ገላጭ ከሚገልጸው ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ሐረጎች ከኋላ ይለጠፋሉ፤ የሚለጠፉትም አጠገባቸው ካገኙት ስም ጋር ነው። «ሺ ሰርቭድ ኮፊ ቱ ዘ ጌስትስ ኢን ስሞል ከፕስ» ሲባል ሲኒው ውስጥ ያሉት እንግዶቹ ይመስላሉ። «ሺ ሰርቭድ ዘ ጌስትስ ኮፊ ኢን ስሞል ከፕስ» ሲባል ቡናው ከሲኒው ጋር ይገናኛል። በ«ሁ» እና በ«ዊች» ለሚጀምሩት ሐረጎችም ይኸው ይሠራል፦ ከሚገልጹት ስም ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቁሙ። በምርጫዎቹ መካከል ልዩነቱ የቃላት ቦታ ብቻ ሲሆን ሐረጉን በጣትሽ ይዘሽ ከግራው ያለውን ስም አንብቢ።

«ብቻ» ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። በአማርኛ «ብቻ» ከሚገድበው ቃል በኋላ ይመጣል፦ «ሳራ ብቻ በላች»፣ «ዳቦ ብቻ በላች»። «ኦንሊ» ግን ከሚገድበው ቃል በፊት ይቆማል። «ኦንሊ ሳራ ኤት ዘ ብሬድ» ማለት ሌላ ሰው አልበላም ማለት ነው። «ሳራ ኤት ኦንሊ ዘ ብሬድ» ማለት ደግሞ ወጡን ተወችው ማለት ነው። በአማርኛ ቅደም ተከተል ካሰብሽው ልክ ተገልብጦ ነው የምታገኚው። «ኢቭን»፣ «ጀስት»፣ «ኒርሊ» እና «ኦልሞስት» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

«ኦልሞስት» ካነሳን አይቀር፣ «አብዛኞቹ ተማሪዎች» ለማለት «ኦልሞስት ስቱደንትስ» ብሎ መምረጥ እኛ ዘንድ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። «ኦልሞስት» ‹ሊሆን ጥቂት ቀረው› ማለት ስለሆነ ስምን ለብቻው አይገልጽም፤ «ኦልሞስት ኦል ስቱደንትስ» መባል አለበት። «አብዛኞቹ» ለማለት «ሞስት ስቱደንትስ» ወይም «ሞስት ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» ነው። «ሞስት ኦፍ ስቱደንትስ» ስህተት ነው፤ «ኦፍ» ካለ «ዘ» ወይም «ማይ»፣ «ዚዝ» የመሰለ ቃል ይከተለው።

ቅጽልና ተውሳከ ግስ መለየትም በገላጭ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በአማርኛ «ጥሩ ልጅ»ም እንላለን «ጥሩ ተጫወተች»ም እንላለን፤ ቃሉ አይለወጥም። በእንግሊዝኛ ስምን የሚገልጸው «ጉድ»፣ ግስን የሚገልጸው «ዌል» ነው። ይህን ታውቂዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ የሚያሳስቱት «ሉክ፣ ሳውንድ፣ ስሜል፣ ቴስት፣ ፊል፣ ሲም» የሚባሉት ግሶች ናቸው። መለያው ግሱን አውጥቶ «ኢዝ»ን መተካት ነው። «ዘ ብሬድ ስሜልስ ጉድ» ላይ «ዘ ብሬድ ኢዝ ጉድ» ብትዪ ትርጉሙ አይፈርስም፤ ስለዚህ ቅጽል ይመረጣል። «ዘ ዶግ ስሜልድ ዘ ሚት ኬርፉሊ» ላይ «ዘ ዶግ ኢዝ ዘ ሚት» ማለት ስለማይቻል ተውሳከ ግስ ነው። በ«ሊ» የሚያልቅ ሁሉ ተውሳከ ግስ እንዳይመስልሽ፤ «ፍሬንድሊ» እና «ኮስትሊ» ቅጽሎች ናቸው። «ሃርድሊ» ደግሞ ‹በትጋት› ማለት አይደለም፤ ‹እምብዛም› ማለት ነው። «ሂ ዎርክስ ሃርድሊ» ብለሽ ከመረጥሽ ጎበዙን ሰው ሰነፍ አደረግሽው።

«ቦሪንግ» እና «ቦርድ»ን ለመለየት የአማርኛ ጆሮሽ ይጠቅምሻል፤ እዚህ ላይ እመኚው። «አሰልቺ» ካልሽ «ቦሪንግ»፣ «የሰለቸው» ካልሽ «ቦርድ»። «አደናጋሪ» ካልሽ «ኮንፊውዚንግ»፣ «የተደናገረ» ካልሽ «ኮንፊውዝድ»። ስሜቱን የሚፈጥረው «ኢንግ» ይይዛል፣ ስሜቱ የደረሰበት «ድ» ይይዛል። «አይ አም ቦሪንግ» ማለት «እኔ አሰልቺ ነኝ» ማለት ነው።

የቅጽሎች ቅደም ተከተል በፈተና የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጀበናን አስቢ፦ «ኤ ቢዩቲፉል ስሞል ኦልድ ብላክ ኢትዮጵያን ክሌይ ኮፊ ፖት»። መጀመሪያ አስተያየት፣ ከዚያ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቀለም፣ አገር፣ የተሠራበት ነገር፣ አገልግሎቱ፣ በመጨረሻ ስሙ። ይህችን ጀበና በቃልሽ ከያዝሽ ሠንጠረዥ አያስፈልግሽም።

ወደ ንጽጽሩ እንምጣ። የእንግሊዝኛ ሕግ ጥብቅ ነው፦ ከ«ዛን» በግራና በቀኝ ያሉት ነገሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሰው ከሰው፣ ዋጋ ከዋጋ፣ ብዛት ከብዛት። «ዘ ፖፑሌሽን ኦፍ ኢትዮጵያ ኢዝ ላርጀር ዛን ኬንያ» ሲባል በግራ የሕዝብ ብዛት፣ በቀኝ አገር ቆሟል። ኢትዮጵያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳላት፣ ኬንያ ከዚያ ብዙ እንደምታንስ ታውቂያለሽ፤ ሐሳቡ እውነት መሆኑ ግን ዓረፍተ ነገሩን ልክ አያደርገውም። ይህ ራሱ ወጥመድ ነው፤ ተማሪው በጂኦግራፊ ዕውቀቱ ይስማማና ያልፋል።

«ዛት ኦፍ» ባዕድ እንዳይመስልሽ፤ በአማርኛም አለን። ጠንቃቃ ጸሐፊ «ከኬንያ ይበልጣል» ብሎ አይጽፍም፤ «ከኬንያው ይበልጣል» ይላል። ያቺ «ው» ምን ትሠራለች? «ከኬንያው የሕዝብ ብዛት» የሚለውን በአንድ ፊደል ተክታ ትቆማለች። «ዛት ኦፍ ኬንያ» ማለት «የኬንያው» ማለት ነው። ስለዚህ የንጽጽር ጥያቄ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ስታስቢ «ው»ን ማስገባት ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከተቻለ እንግሊዝኛው «ዛት ኦፍ» ወይም «ዞዝ ኦፍ» ይፈልጋል። የትኛውን? በግራ ያለውን ስም እዪ፤ «ፖፑሌሽን» ነጠላ ስለሆነ «ዛት»፤ «ሮድስ» ቢሆን ብዙ ስለሆነ «ዞዝ»። ሐ የወደቀው በዚህ ነው። ኬንያ ውስጥ ብዙ ሰው አለ ብሎ ማሰብ ወደ «ዞዝ» ይስባል፤ የሚቆጠረው ግን ሰዉ ሳይሆን «ፖፑሌሽን» የሚለው ቃል ነው።

መ ላይ ያለው «ኢን ኬንያ» ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። «ኮፊ ኢዝ ቺፐር ኢን ጂማ ዛን ኢን አዲስ አበባ» ልክ ነው፤ ምክንያቱም በግራ «ኢን ጂማ» ስላለ በቀኝ «ኢን አዲስ አበባ» ሚዛኑን ይጠብቃል። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ግን በግራ «ኦፍ ኢትዮጵያ» ነበረው። እንግዲህ ሥራው ይህ ነው፦ «ዛን»ን ወይም ሁለተኛውን «አዝ» ክበቢ፤ ቀኙን አንብቢ፤ ወደ ግራ ተመለሺና ከእሱ ጋር የሚጣመረውን ቃል ፈልገሽ አስምሪበት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ካልሆኑ ወይም አንዱ መስተዋድድ ይዞ ሌላው ባዶውን ከቆመ ምርጫው ይሰረዝ። የባለቤትነት «ስ» ሌላው መፍትሔ ነው፦ «አዲስ አበባስ አልቲቱድ ኢዝ ሃየር ዛን ናይሮቢስ»፤ የመጨረሻዋ «ስ» ከወደቀች ከፍታ ከከተማ ጋር ተወዳደረ። «ዛት ኦፍ ናይሮቢስ» ብሎ ሁለቱን መደራረብም ስህተት ነው፤ አንዱ ይበቃል።

ራስን ከራስ ጋር ማወዳደር ቀጣዩ ነው። «ራስ ዳሸን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል» እንላለን፤ «ሁሉ» ሲባል ራሱ ዳሸን እንደማይቆጠር ሰሚው ያውቃል። እንግሊዝኛው ግን በቃሉ ይይዝሻል። «ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» ካልሽ ዳሸንም ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለ ከራሱ ይበልጣል አልሽ። «ኤኒ አዘር ማውንቴን» ይባላል። ሰው ሲሆን «ኤኒዋን ኤልስ ኢን ዘ ክላስ»። ነገር ግን «ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ሶማሊያ» ካለ «አዘር» አያስፈልግም፤ ዳሸን ሶማሊያ ውስጥ የለም። መጠየቂያው አንድ ነው፦ የሚወዳደረው ነገር ከኋላ የተጠራው ቡድን አባል ነው? ከሆነ «አዘር» ወይም «ኤልስ»። በሱፐርላቲቭ (‹ከሁሉ የበለጠ› በሚለው ቅርጽ) ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ «ዘ ሃየስት ኦፍ ኦል ማውንቴንስ ኢን ኢትዮጵያ»፤ እዚህ አባል መሆን ግዴታ ስለሆነ «አዘር» ማስገባት ስህተት ነው።

«አይ ላቭ ማይ ማዘር ሞር ዛን ማይ ብራዘር» ሁለት ፍቺ አለው፦ ከወንድሜ ይልቅ እናቴን እወዳለሁ፣ ወይም ወንድሜ ከሚወዳት በላይ እወዳታለሁ። ፈተናው ሁለተኛውን ከፈለገ መጨረሻ ላይ «ዳዝ» ይጨምራል። ረዳት ግሱ ከግራው ግስ ጋር ይግጠም፤ ግራው «ኢዝ» ከሆነ ቀኙ «ዳዝ» ሊሆን አይችልም።

የቅርጽ ስህተቶቹን በፍጥነት ልለፋቸው፤ እነዚህ በልምምድ ቶሎ ይያዛሉ። «ይበልጥ ረጅም» ስለምንል «ሞር ቶለር» ይመጣብናል፤ «ኧር» ካለ «ሞር» አይገባም። «በጣም ይሻላል» ስለምንል «ቬሪ ቤተር» ይመጣብናል፤ ኮምፓራቲቭን (‹የበለጠ› የሚለውን ቅርጽ) የሚያጎሉት «ማች»፣ «ፋር»፣ «ኢቭን» ናቸው እንጂ «ቬሪ» አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ሲወዳደር «ዘ ቶለር ኦፍ ዘ ቱ» ነው፣ «ዘ» ኮምፓራቲቩ ላይ መግባቷ አይግረምሽ። የሚቆጠር ካነሰ «ፊወር»፣ የማይቆጠር ካነሰ «ለስ»፤ ርቀት፣ ጊዜና ገንዘብ ግን በቁጥር ቢጠሩም «ለስ ዛን 5 ኪሎሜተርስ» ይባላሉ። «ሱፒሪየር፣ ኢንፊሪየር፣ ሲኒየር፣ ጁኒየር» እና «ፕሪፈር» የሚከተላቸው «ቱ» ነው፣ «ዛን» አይደለም። «ባነበብሽ ቁጥር የበለጠ ታውቂያለሽ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሁለቱም ወገን «ዘ» ይፈልጋል፦ «ዘ ሞር ዩ ሪድ፣ ዘ ሞር ዩ ለርን»። «አዝ ጉድ አዝ ኦር ቤተር ዛን» ውስጥ ሁለተኛዋ «አዝ» ብዙ ጊዜ ተሰርቃ ትመጣለች፤ ፈልጊያት። «ዛን» ለንጽጽር፣ «ዜን» ለጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ በኤ፣ ሌላው በኢ ይጻፋል፤ ዓይን ዘሎት የሚያልፈው ስህተት ነው።

ስለ ጊዜ ላንሳ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ማወቅ ሳይሆን በሰዓቱ መጠቀም ነው የሚያስቸግረው። የዲጂታሉ ኤስ ኤ ቲ የንባብና ጽሑፍ ክፍል 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው፤ 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ እየሆነ በሁለት ይከፈላል። ለአንዱ 71 ሰከንድ ያህል አለሽ ማለት ነው፤ ግን ረጃጅም የንባብ ጥያቄዎችም እዚያው ስላሉ የግራመሩን ከ30 እስከ 40 ሰከንድ መጨረስ አለብሽ። የገላጭ ጥያቄ እዚያ በመልኩ ይታወቃል፦ አራቱም ምርጫ አንድ ዓይነት መረጃ ይዘው የሚጀምሩበት ስም ብቻ ይለያያል። ይህን መልክ ካየሽ ሌላ ነገር አትፈልጊ፤ በቀጥታ «ማን?» ብለሽ ጠይቂ። ወደፊት ቶፍል አይ ቲ ፒ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ከገጠመሽ የግራመር ክፍሉ 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ስለሆነ ለአንዱ ከ40 ሰከንድ በታች ነው ያለሽ፤ እዚያ የተሰመረበት ቃል አጠገብ «ዛን» ወይም «አዝ» ካየሽ መጀመሪያ የቅርጹን ስህተት፣ ቀጥሎ የሚዛኑን ፈልጊ። ከድሮ የጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) መጻሕፍት የምትለማመጂ ከሆነ የሴንቴንስ ኮሬክሽን (የዓረፍተ ነገር እርማት) ጥያቄዎቹ ለገላጭና ለንጽጽር ጥሩ ናቸው፤ ፈተናው ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲስ ቅርጹ ያንን ክፍል ትቶታል፤ ከባዶቹ ካቃቱሽ አትጨነቂባቸው።

ለልምምድ በቀን 15 ጥያቄ ይበቃል፤ 60 ሠርቶ መልስ ቁልፉን ብቻ ማየት ግን አያስተምርም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛውን ከመረጥሽ በኋላ የወደቁት ሦስቱ ለምን እንደወደቁ በአንድ በአንድ ቃል ጻፊ፦ «ባለቤት»፣ «ሚዛን»፣ «አዘር»፣ «ቅርጽ»። ሁለት ሳምንት ከሠራሽ የትኛው ቃል ደብተርሽ ላይ እንደበዛ ታያለሽ፤ ደካማው ጎንሽ እሱ ነው። ምክንያቱን መጻፍ ያልቻልሽበትን ጥያቄ፣ መልሱን ብታገኚውም እንኳ፣ እንደተሳሳትሽው ቁጠሪው።

ሦስት ልስጥሽና መልሱን ሸፍነሽ ሞክሪያቸው። አንደኛ፦ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ዘ ኤግዛም፣ ዘ ፔፐርስ ዌር ኮሌክትድ»። ሁለተኛ፦ «ሂዝ ኢንግሊሽ ኢዝ ቤተር ዛን ሚ»። ሦስተኛ፦ «ላይክ አዘር ኮፊ-ግሮዊንግ ካንትሪስ፣ ዘ ኢኮኖሚ ኦፍ ኢትዮጵያ ዲፔንድስ ኦን ሬይን»።

የመጀመሪያው ፈተናውን የጨረሱት ወረቀቶቹ ናቸው ይላል፤ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ዘ ኤግዛም፣ ዊ ሃንድድ ኢን አወር ፔፐርስ» ብለሽ አርሚው። ሁለተኛው እንግሊዝኛን ከሰው ያወዳድራል፤ «ሚ» ወጥቶ «ማይን» ይግባ፤ «ከእኔው» እንደማለት ነው። ሦስተኛው ገላጭም ንጽጽርም በአንድ ላይ ነው፦ ሐረጉ አገሮችን ይጠራል፣ ከኮማው በኋላ የቆመው ግን ኢኮኖሚ ነው። ባለቤቱን አገር አድርጊው፦ «ላይክ አዘር ኮፊ-ግሮዊንግ ካንትሪስ፣ ኢትዮጵያ ዲፔንድስ ኦን ሬይን»። እዚህ «አዘር» የገባችው ኢትዮጵያ ራሷ ቡና አብቃይ አገር ስለሆነች ነው።